አዲሱ ካሜራ ለምን አሳፈረን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ካሜራ ነው።

እስቲ አንድ የድሬዳዋ ልጅ እናስብ። ገንዘብ አጠራቅሞ ታይዋን የሚባለው የከተማዋ ገበያ ሄደና ዲጂታል ካሜራ ገዛ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ሰው የሚያስከብር። በሳምንቱ የእህቱ ሠርግ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነሳ አደረ። በማግስቱ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈታቸው። ሙሽሪት ደብዝዛለች። የሚዜዎቹ ፊት ጠቁሯል። ግድግዳው ቢጫ ሆኗል። የአክስቱ ልጅ በስልክ ያነሳት አንዲት ፎቶ ግን ቁልጭ ብላ ወጥታለች።

«አቦ፣ ይሄ ካሜራ ቀሽም ነው! ነገውኑ እመልሰዋለሁ» አለ።

ይመልሰው? እናንተስ ብትሆኑ ትመልሱት ነበር?

እኔ አትመልሱት ባይ ነኝ። ቢያንስ ዛሬ አትመልሱት። አዲስ ካሜራ ገዝተው ካዘኑት መካከል የብዙዎቹ ካሜራ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው፤ ወይ እጃችን ላይ፤ ወይ ካሜራው ፎከስ ያደረገበት ቦታ ላይ፤ አለዚያም ፎቶው ከተነሳ በኋላ ባለፈበት መንገድ ላይ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ዘዴ አለ፤ ዛሬ ደጋግሜ ነው የምነግራችሁ፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ያቺን የስልክ ፎቶ እንያት። ለምን አማረች? ስልኩ ከካሜራው የተሻለ ሌንስ ኖሮት ነው? አይደለም። የዛሬ ስልክ በጨለማ ቦታ አንዴ ስንጫነው ብዙ ጊዜ አከታትሎ ያነሳል። ያነሳቸውን ፎቶዎች ደርቦ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ፊቱን ያበራዋል፤ ጠርዙን ይስለዋል፤ ቀለሙን ያደምቀዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው እኛን ሳይጠይቅ ነው።

ስልክ እንደ ባጃጅ ነው ብንል ያስኬዳል። የምንሄድበትን ሰፈር፣ «ሳቢያን» ብለን እንቀመጣለን፤ የቀረውን ሹፌሩ ያውቃል። ካሜራው ግን መሪውን ለእኛ ነው የሚሰጠን። መንዳት እስክንለምድ ድረስ ከባጃጁ ብንዘገይ አያስገርምም።

እንግዲህ ፈተናውን እንጀምር። ግን ከዚያ በፊት ሁለት ደቂቃ የማይፈጁ ነገሮች አሉ። ሌንሱን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት፤ የጣት አሻራ አለበት? ለሌንስ በተሠራ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ አይሁን። ሻጩ «ለመከላከያ» ብሎ ከፊቱ ያሰረላችሁ መስታወት ካለ ፍቱት። ርካሹ መስታወት በተለይ ማታ፣ አምፖል ባለበት ቦታ፣ ብርሃኑን እያንጸባረቀ ፎቶው ላይ የሌለ መብራት ይጨምራል።

ካሜራው ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ምን ቀያይሮ እንደተወው አታውቁም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሪሴት አድርጉት። የፎቶውን መጠን ላርጅ፣ ጥራቱን ፋይን ላይ አድርጉት። ስሞል ላይ ቀርቶ ስንቱ በካሜራው ፈርዶበታል!

አሁን ፈተናው። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ግድም ተነሱና በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጡ። ግድግዳው ላይ የጋዜጣ ገጽ ለጥፉ። ካሜራውን ገጹ ፎቶውን እስኪሞላ ድረስ አቅርባችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ፍላሹን አጥፉ። ዙሙን አትዘርጉ። ጊዜ ቆጣሪውን ሁለት ሰከንድ ላይ አድርጉና ተጭናችሁ እጃችሁን አንሱ።

ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ እዩት። የጋዜጣው ፊደል ከዳር እስከ ዳር ይነበባል? ከተነበበ ካሜራውም ሌንሱም ጤነኛ ናቸው። የመመለሱ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ያንኑ ጋዜጣ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ፣ ግን በእጃችሁ ይዛችሁ አንሱት። አሁንም ይነበባል? ማታ ደግሞ እንደገና አንድ ነገር ቀይሩ፦ ጋዜጣውን ሳሎን አስገቡና በአምፖል ብርሃን በእጅ አንሱት። የትኛው ላይ ተበላሸ? የተበላሸበት ቦታ ሕመሙን ይነግራችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ደብዛዛ ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ስለማይገኝ ጊዜ ወስደን እንየው። የተበላሸውን ፎቶ ክፈቱና አጉሉት። ምን ይታያችኋል?

ሙሽሪት ደብዝዛ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ጥርት ብሎ ከወጣ፣ ችግሩ ፎከስ ነው። ካሜራው መጋረጃውን መርጧል። ካሜራ ማን ሙሽራ እንደሆነች አያውቅም፤ ኦቶ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውን ወይም ደማቅ ጠርዝ ያለውን ነገር ይይዛል። ከዚራ ሰፈር ግቢ ውስጥ ቤተሰብ ስታነሱ ከፊት ያለችው የቡጋንቪላ ቅርንጫፍ ጥርት ብላ፣ አባትና እናት ከኋላ የደበዘዙት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ፊት የሚለየውን አሠራር ክፈቱት፤ ከሌለው ደግሞ የፎከሱን ነጥብ አንድ ብቻ አድርጋችሁ የሰውየው ዓይን ላይ አሳርፉት። ቁልፉን ደግሞ በአንድ ጊዜ እስከ ታች አትጫኑት። ግማሽ ድረስ ብቻ ተጫኑ፤ ካሜራው ድምፅ እስኪያሰማ ወይም አረንጓዴ ምልክት እስኪያሳይ ጠብቁ፤ ከዚያ ጨርሱት። እደግመዋለሁ፦ ግማሽ ተጫኑ፣ ጠብቁ፣ ጨርሱት። ይህቺ ግማሽ መጫን ካልተለመደች ውድ ሌንስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ፎቶው በሙሉ፣ ሰውም ግድግዳም አበባም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ የተሰመረ ከመሰለስ? እሱ እጃችን ነው። ተንቀሳቅሷል።

ግድግዳውና ወንበሩ ጥርት ብለው የሚጨፍሩት ሰዎች ብቻ ከተጎተቱስ? እጃችን ተንቀሳቅሶ አይደለም፤ እነሱ ፈጥነውብን ነው።

ሁሉም ነገር በቦታው ሆኖ አሸዋ የተነዛበት ከመሰለ ብርሃን አንሷል ማለት ነው። ካሜራው ያነሰውን ብርሃን በግድ ሲያጎላው አብሮ የሚመጣ ነው። አይኤስኦ የሚባለው ቁጥር ወደ 6400 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ በጉልህ ይታያል።

ሁሉም ነገር ወተት የፈሰሰበት መስሎ ከነጣስ? ወደ አሻራውና ወደዚያ ርካሽ መስታወት ተመለሱ።

እስቲ ጆሯችሁን ላስቸግር። ይህን ስሙ።

(ድምፅ፦ አጭር የካሜራ ጠቅታ)

ይህንንም ስሙ።

(ድምፅ፦ ረዘም ያለ፣ ለሁለት የተከፈለ ጠቅታ)

ልዩነቱን ሰማችሁት? እንደገና እናሰማችሁ።

(ድምፅ፦ አጭሩ፣ ቀጥሎ ረዥሙ)

የመጀመሪያው፣ ሹተር የሚባለው የብርሃን መግቢያ በር ተከፍቶ ወዲያው የተዘጋበት ነው። ሁለተኛው ተከፍቶ ቆይቷል፤ ሲከፈት አንድ፣ ሲዘጋ ሌላ ድምፅ ሰጥቷል። ሹተሩ ክፍት ሆኖ በቆየበት ቅጽበት የእናንተ እጅ ትንሽ ቢነቃነቅ፣ ሙሽሪት ዞር ብትል፣ ሁሉም ፎቶው ላይ ይጻፋል። ሠርግ ቤት ስታነሱ ሁለተኛውን ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ስክሪኑን ሳታዩ ፎቶው እንደተበላሸ ማወቅ ትችላላችሁ። ድምፅ አልባ አሠራር ላይ ካደረጋችሁት ግን ይህ ምልክት አይሠራም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሹተሩን ፍጥነት ራሳችን እንምረጥ። ከላይ ባለው ክብ ማዞሪያ ላይ በካኖን ቲቪ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤስ የተጻፈበትን አምጡ። ቆሞ ፈገግ ላለ ሰው 1/125 ይበቃል። እስክስታ ለሚወርድ 1/250 ወይም 1/500 ያስፈልጋል። አይኤስኦውን ኦቶ ላይ ተዉት። አሸዋው ይጨምራል፤ ይጨምር። አሸዋ ያለበት ፎቶ አልበም ውስጥ ይገባል፤ የተጎተተ ፎቶ ግን ይጣላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሮ የሚሸጠው ሌንስ፣ 18–55 የተጻፈበት፣ ዙሙ ሲዘረጋ የሚያስገባው ብርሃን ዙሙ ሳይዘረጋ ከሚያስገባው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማታ ቤት ውስጥ ዙም መዘርጋት ትታችሁ በእግራችሁ ጠጋ በሉ። ሙሽሮቹ አይቆጧችሁም።

(ሙዚቃ፤ ከቀደመው ረዘም ይላል)

በአዲስ ካሜራ ማፈር ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ እሷ ከባቡሩ ጋር በ1902 ነው የመጣችው። ጎረቤታችን ሐረር ግን ነበረች፤ ሐረር ውስጥ ደግሞ ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር።

ራምቦ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱን አነሳ። አንዱን ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱን ቡና ተክል መካከል፣ አንዱን ሙዝ ተክል መካከል። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር ለቤተሰቡ ሲልካቸው ይቅርታ መሰል ቃል ጨመረበት፦ ፎቶዎቹ ነጥተዋል፤ የነጡት ባጠበባቸው መጥፎ ውኃ ምክንያት ነው፤ ወደፊት የተሻለ ይሠራል።

ልብ በሉ፤ ካሜራውን አልወቀሰም። ፎቶው ካሜራውን ካለፈ በኋላ የደረሰበትን ነገር ፈልጎ ውኃው ላይ ደረሰ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ካሜራውን ሸጠው፤ እሱንም ቢሆን እየቆጨው፣ ግን ሳይከስር። ንግዱንስ ያውቅበታል!

የእኛ ዘመን ፎቶ በውኃ አይታጠብም። ግን እሱም ካሜራውን ካለፈ በኋላ የሚበላሽበት ቦታ አለው። የት ይመስላችኋል?

ቴሌግራም። ፎቶውን እንደ ፎቶ ስትልኩት ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ያሳንሰዋል፤ ያመቀዋል። በ24 ሜጋፒክስል የተነሳ ፎቶ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ሆኖ ነው። ተቀባዩ ለሌላ ሰው፣ ያም ለፎቶ ቤቱ ሲልከው፣ ፎቶ ቤቱ ያንኑ በትልቁ አትሞ ሲሰጣችሁ «ካሜራው ነው» ትላላችሁ። ካሜራው ምን አጠፋ?

ስለዚህ እንደ ፋይል ላኩት። ወይም ሜሞሪ ካርዱን ይዛችሁ ፎቶ ቤቱ ሂዱ። የተበላሸውን ፎቶ ስትመረምሩም ከካርዱ ላይ ያለውን ክፈቱ እንጂ ከቴሌግራም የተመለሰውን አትመርምሩ። ይህንንም እደግመዋለሁ፦ የምንመረምረው ካርዱ ላይ ያለውን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ድሬ ፀሐይ እንምጣ። የእኛ ከተማ ብርሃን አንሶ የሚያስቸግረው ማታ ቤት ውስጥ ነው፤ ቀን ውጭ ግን የሚያስቸግረን በዝቶ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ግድም፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በሌላውም ወር ቢሆን ከአናታችን ብዙ አትርቅም። በዚያ ሰዓት ሰው ስናነሳ ግንባሩና አፍንጫው ይነጣል፤ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ባለሙያዎችስ በዚህ ሰዓት ምን ያደርጋሉ? ሰውየውን ወደ ጥላ ይወስዱታል።

የከዚራ ዛፎች ለዚህ የተተከሉ ይመስለኛል። በረንዳም ይሆናል፣ የግንብ ጥግም ይሆናል። ሰውየው ጥላው ውስጥ ይቁም፣ ፊቱን ግን ወደ ብርሃኑ ያዙር። ከጀርባው ፀሐይ የሚያንጸባርቅበት ነጭ ግድግዳ እንዳይኖር፤ ካለ ፊቱ ይጠቁራል።

ለምን ይጠቁራል? ካሜራው የሚያየው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ነው የሚያሰላው። ነጭ ሲበዛበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉን ያጨልማል። የሙሽሪት ቀሚስ ግራጫ ሆኖ ፊቷ የጠቆረው፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ ያነሳችሁት ነጠላ ለባሽ ሕዝብ አመድ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ። ነጭ ከበዛ ወደ መደመሩ አንድ ውሰዱት። ጠይም ፊት ከነጭ ልብስ ጋር ስናነሳ ይህ ቁልፍ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅመናል። ሲጨርሱ ወደ ዜሮ መመለስ ግን አይረሳ።

የግድግዳውስ ቢጫነት? እሱ ቀላል ነው። ዋይት ባላንስ የሚለውን ከፍታችሁ የአምፖል ምልክቱን ምረጡ።

ሌላ የድሬ ጉዳይ አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ ያለውን ነገር በረዥም ዙም ስታነሱ ፎቶው የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በእጃችሁ አይደለም፣ በፎከስም አይደለም። ከሞቀው መሬት የሚነሳው አየር ብርሃኑን እያጣመመው ነው። ለዚህ ዓለም ላይ መድኃኒት የሚሆን ሌንስ የለም። በማለዳ ተመለሱ።

አቧራውም አለ። ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ከሆነ ባጃጅ ውስጥ አትፍቱት፣ ነፋስ ባለበትም አትፍቱት። ሰማይ ስታነሱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታያችሁ አቧራ ብርሃኑን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ አርፏል። ካሜራው ራሱን የሚያጸዳበት አሠራር ካለው እሱን ሞክሩ፤ ካልለቀቀ በጎማ መንፊያ አራግፉት። በአፍ አይነፋም፤ ምራቅ ይገባል። በጣትማ በፍጹም!

(አጭር ሙዚቃ)

እና መቼ ነው ካሜራው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆነው? ይሆናል እኮ። ጠረጴዛው ላይ፣ በጠዋት ብርሃን፣ በጊዜ ቆጣሪ፣ ደጋግማችሁ አንስታችሁ ጋዜጣው አሁንም ካልተነበበ። ወይም የጋዜጣው ቀኝ ጎን ጥርት ብሎ ግራ ጎኑ ሁልጊዜ ከደበዘዘ፤ ያኔ የሌንሱ መስታወት ዘሞ ይሆናል። ወይም ፎከሱን ፊት ላይ አሳርፋችሁ ሁልጊዜ ከኋላ ያለው ነገር ከጠራ። እነዚህን ፎቶዎች በካርዱ ይዛችሁ ሻጩ ዘንድ ሂዱ። «ፎቶው አያምርም» ከማለት ይልቅ «ግራ ጎኑ ይደበዝዛል፣ እነሆ» ማለት ይሻላል፤ ሻጩም የሚከራከርበት ነገር ያጣል።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ካርዳችሁን ይዛችሁ ግዙ። ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ከማዶ ያለ ጽሑፍ ያለበት ታፔላ አንሱና እዚያው አጉልታችሁ አራቱንም ጥግ እዩ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሁሉም የሚጠይቀው። «ሌላ ሌንስ ልግዛ?»

ፈተናውን ሁሉ አልፋችሁ፣ ግማሽ መጫኑን ለምዳችሁ፣ ሹተሩን መርጣችሁ፣ አሁንም ሠርግ ቤት ውስጥ አሸዋው ከበዛባችሁ፣ አዎ። 50 ሚሊሜትር፣ 1.8 የተጻፈበትን ፈልጉ። ዙም የለውም፣ ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ግን ከዚያ ተዘርግቶ ከሚያጨልመው ዙም ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ግድግዳው ድረስ ማፈግፈግ ሊኖርባችሁ ነው።

ለሳምንት የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ሦስቱን የጋዜጣ ፎቶዎች አንሱ፦ ጠዋት በጠረጴዛ፣ ጠዋት በእጅ፣ ማታ በእጅ። የትኛው ላይ እንደተበላሸ ጻፉልን። ስትልኩልን ታዲያ እንደ ፋይል ይሁን! በሚቀጥለው ሳምንት የደረሱንን ይዘን ስለ ፍላሽ እንነጋገራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)